ነጠላው ሥር ስንት አለ?

በዚህ ጽሑፍ የሚነሱትን ሰዎች አስቀድሜ አንድ በአንድ ልጥራቸው። አዴ ጫልቱ («አዴ» በኦሮምኛ እናት እንደ ማለት ነው) የአዳማ ሰፌድ ሰፊ ነበሩ፤ ፊደል አያውቁም፣ ግን በዕድሜዬ ካገኘኋቸው አስተማሪዎች ሁሉ የሚበልጡት እሳቸው ናቸው። ሙሴ ኒኮላ የባቡር ጣቢያው የዕቃ መጋዘን ሹም የነበረ ግሪክ ነው፤ «ሙሴ» ያኔ ፈረንጅን ሁሉ የምንጠራበት «አቶ» ነው። ቁጡ ነው እንጂ ክፉ አልነበረም። እቴ ከድጃ የወሎ ሰው ናት፣ የጨው ነጋዴው የሰኢድ ሚስት። ዘሀራ የእቴ ከድጃ ልጅ ናት፤ ያኔ ስድስት ዓመቷ ነበር። አስካለ ሚስቴ ናት። ሙሉ የበኩር ልጄ ናት፤ ከዘሀራ ጋር በአንድ ሰሌን ላይ ተቀምጣ ተምራለች። የቀረሁት እኔ ተክሌ ነኝ። ልጆቹ «የኔታ» ይሉኝ ነበር፣ ካህናቱ ደግሞ «ዳዊት ያልደገመ የኔታ» ይሉኝ ነበር። ሁለቱም ልክ ነበሩ።

ዘንድሮ ከማስተማር ሥራ ወጣሁ። ጠመኔና ጥቁር ሰሌዳ የያዙ ወጣቶች መጥተዋል፤ ደግ ነው፣ ከእኔ የበለጠ ያውቃሉ። ከመካከላቸው አንዱ «አባቴ፣ ያለ ሰሌዳ በምን ነበር የሚያስተምሩት?» ብሎ ጠየቀኝ። «በጉሎ ፍሬና በነጠላ» ስለው ሳቀብኝ። እንዲህ ያለ ሳቅ በንግግር አይመለስም፤ ስለዚህ ቁጭ ብዬ ጻፍኩ። የምጽፈው ስለ መጀመሪያዎቹ ዓመታት ነው፤ ጣልያን ሳይመጣ፣ አዳማም ናዝሬት ተብላ ሳትጠራ።

ሥራ የጀመርኩት ሞጆ ጣቢያ ጆንያ ተሸካሚ ሆኜ ነው። ፊደል ከጎረቤቴ ከአንድ ዲያቆን ግማሹን ተማርኩ፣ ግማሹን በራሴ ጨረስኩ። የፈረንጁን ቁጥር ያስተማሩኝ ፉርጎዎቹ ናቸው። በጎናቸው የተጻፈውን እያየሁ በከሰል መሬት ላይ እገለብጥ ነበር። አንድ ቀን ሙሴ ኒኮላ ከኋላዬ መጥቶ ቆመ። አማርኛው ወንድና ሴት አይለይም፤ ሁላችንንም «አንቺ» ይለን ነበር።

«አንቺ ተክሌ፣ ምን ትጽፊያለሽ?»

«ቁጥር ነው፣ ሙሴ።»

«ከነገ ጀምሮ ሸክም የለም። መጋዘን ትገቢያለሽ።»

ጆንያ ቆጣሪ የሆንኩት እንዲህ ነው። መጋዘን የተማርኩት አንድ ነገር በኋላ ጠቅሞኛል። ጆንያ ሲደረደር ሦስቱ በቁመት፣ ሁለቱ በአግድም ይተኛሉ፤ ከላይ ያለው ረድፍ ደግሞ ተገልብጦ ይተኛል፣ ክምሩ እንዳይናድ። ስለዚህ ጆንያ አንድ በአንድ የሚቆጥር ቆጣሪ ሰነፍ ቆጣሪ ነው። ረድፉን አይቶ አምስት ማለት ነው። ይህን እያወቅሁ፣ ልጆች ፊት ስቀመጥ ረሳሁት። ሰው በእጁ የሚሠራውን በአፉ ለማስተማር ሲነሳ ሞኝ ይሆናል።

ሙሴ ኒኮላ ወደ አዳማ ሲዛወር እኔን ከነቤተሰቤ ይዞኝ ሄደ። በአዳማ ጣቢያ የሠራተኛውና የነጋዴው ልጆች ቀኑን ሙሉ ሐዲዱ ላይ ነበር የሚጫወቱት። አንዱ ልጅ ከባቡር ፊት በስንዝር ተረፈ። በማግስቱ ሙሴ ኒኮላ ጠራኝ።

«አንቺ ከሰዓት በፊት ልጆቹን ሰብስቢ፣ አስተምሪ። ከሰዓት በኋላ መጋዘን።»

«ምን ላስተምራቸው፣ ሙሴ?»

«የፈለግሽውን። ሐዲድ ላይ አይሁኑ ብቻ።»

ደመወዜ አልጨመረም፤ ወላጆች በየወሩ እህል ይሰፍሩልኝ ነበር። ወረቀት የሚባል ነገርም አልነበረም። ከጣቢያው ጀርባ ባለው ትልቅ ግራር ሥር ሰሌን አንጥፌ ጀመርኩ።

የመጀመሪያዎቹ ወራት ሥራዬ ያሳፍራል። ከአንድ እስከ መቶ በዜማ አስጠናኋቸው። የክትክታ ልምጭ ከጎኔ አትለይም፤ የዘገየ እግሩን ትነካካዋለች። በሁለት ወር ውስጥ መቶን እንደ ውሃ ጠጡት። ተደሰትኩ። አንድ ቀን ሰባት ባቄላ አስቀምጬ አንዱን ልጅ «ስንት ነው?» ስለው በጣቱ እየነካ ዜማውን ጀመረ፤ ባቄላው አልቆ ዜማው ቀጠለ፣ ከዐሥራ ሁለት ላይ ትንፋሽ አጥሮት ቆመ። «ዐሥራ ሁለት፣ የኔታ» አለ በኩራት።

ከግራሩ ማዶ የሴት ሳቅ ሰማሁ። አዴ ጫልቱ ነበሩ። ባቡር በሚገባበት ቀን ሁሉ እዚያ ጥላ ሥር ተቀምጠው እየሰፉ ለመንገደኛ ሰፌድ ይሸጣሉ።

«ያ ተክሌ፣ ልጆቹን ምንድን ነው የምታስተምራቸው?» አሉኝ፤ «ያ» በኦሮምኛቸው «አንተ» ማለታቸው ነው።

«ቁጥር ነዋ፣ አዴ።»

«እኔ የሰማሁት ዘፈን ነው።»

ተነስተው መጡ። ከጥግ ካለው ተክል ጉሎ ፍሬ ለቅመው ሰፌዳቸው ላይ በተኑና ወዲያው ነጠላቸውን ጣሉበት።

«ስንት አየህ?»

«እንዴት ልቁጠር? ሸፈኑት እኮ።»

«እንዳትቆጥር ነው የሸፈንኩት።»

ነጠላውን ገልጠው ፍሬዎቹን አስተካከሉ፦ አራቱን በአራት ማዕዘን፣ አንዱን መሐል። አሳዩኝ፣ ሸፈኑ።

«አሁንስ?»

«አምስት።»

«መቼ ቆጠርክ?»

ልጆቹ የኔታቸው ሲፈተን አይተው ደስ ብሏቸዋል። ያን ቀን ጆንያዬ ትዝ አለኝ፤ ረድፉን አይቼ አምስት የምል እኔ ነኝ እኮ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እኔም የአዴ ጫልቱ ተማሪ ሆንኩ።

ልማዳቸውን ልጻፍ፣ ከእኔ ጋር እንዳይቀር። ሥራ ሳይጀምሩ ስንደዶውን በውሃ ነክረው ይጠብቃሉ፤ ደረቅ ስንደዶ ይሰበራል፣ የተጣደፈ ልጅም እንዲያው ነው ይላሉ። ወስፌያቸውን ከጉልበታቸው ላይ አያኖሩም፣ ሁልጊዜ በጠጉራቸው ውስጥ ነው። ማንንም «ተሳስተሃል» አይሉም። ቀይ፣ ቀይ፣ ጥቁር፣ ቀይ፣ ቀይ፣ ጥቁር እያሉ ሲሰፉ ሆን ብለው አንድ ቦታ ላይ ጥቁሩን በቀይ ይተኩና ሰፌዱን ለልጆቹ ይሰጣሉ። «እዚህ ውስጥ አንድ እንግዳ ገብቷል፤ ፈልጉት» ይላሉ። ልጆቹ ሰፌዱን ከብበው ያሽከረክሩታል። ያገኘው በጣቱ ይነካል እንጂ አይጮህም፤ የጮኸ ተራው ያልፈዋል። አራት ዓመት ያልሞላው ልጅ እንኳ የትኛው ቀለም ቀጥሎ እንደሚመጣ ይናገር ነበር። እሳቸውም እንግዳውን ፈትተው መልሰው ይሰፋሉ። ለዚያ ድካም ማንንም አላስከፈሉም።

እኔ ደግሞ በበኩሌ ፉርጎዎቹን ጨመርኩ። የዕቃ ባቡር ሲመጣ ልጆቹን ከአጥሩ ኋላ በመስመር አቆማቸዋለሁ። ሁለት የተሸፈነ፣ አንድ ክፍት፣ ሁለት የተሸፈነ፣ አንድ ክፍት። ቀጥሎ የሚመጣውን ከመምጣቱ በፊት ይናገራሉ። ሥርዓቱ ሲፈርስ «እንግዳ፣ እንግዳ» ይላሉ። የባቡሩ ፍሬን ያዥ የድሬዳዋ ሰው ነበር፤ በየጊዜው እየተሰደበ መስሎት «እንግዳው አባትህ ነው» ብሎ ይመልስ ነበር። ሦስት ማዕዘን፣ አራት ማዕዘንና ክብ በአቧራ ላይ እንሥል ነበር፤ የአዳማ ነፋስ ግን ገና ሥዕሉ ሳያልቅ ይወስደዋል። ልጆቹ ነፋስ ሳይቀድማቸው አይተው መያዝ ለመዱ። ነፋሱ በነጠላው ሥራ ረድቶኛል ማለት እችላለሁ።

ከሁሉም ዘሀራ ትበልጥ ነበር። ነጠላው ለአንድ የዓይን ጥቅሻ ቢገለጥ እንኳ ታየዋለች። ስምንትን፣ አራት አራቱን በማዕዘን አይታ፣ «ሁለት ካሬ» ትላለች፣ ዘጠኝን ደግሞ «ሁለት ካሬና አንድ ጎረቤት»። ሙሉ ትቀናባት ነበር፤ ቅናትዋም አስጠናት።

አሁን ወደ ጥፋቴ ልምጣ። ሳላሳጥር እጽፈዋለሁ፤ ልጆቹን «ያጠፋ ሰው ራሱ ይናገር» እያልኩ ያሳደግሁ እኔ ነኝ።

ሙሴ ኒኮላ አንድ ቀን ነጋዴ አባቶችን ይዞ ትምህርቱን ሊያይ መጣ። ልጆቹ በፍሬው፣ በሰፌዱ፣ በፉርጎው አንጸባረቁ። እዚያ ላይ ባቆም ጥሩ ነበር። ትዕቢት ያዘኝ። ቁጥር ለኑሮ እንደሚጠቅም ላሳይ ብዬ ዘሀራን አስነሳሁ።

«ዘሀራ፣ እቤት ስንት ልጆች ናችሁ? ቆጥረሽ ንገሪን።»

ዘሀራ ሙሉን አየቻት።

«አልሰማሽም?»

«ሰምቻለሁ፣ የኔታ።»

«ታዲያ ተናገሪ።»

ዓይኗን መሬት ላይ ተከለች። በአገራችን ክፉ ይጠራል ተብሎ ሰው እንደማይቆጠር፣ እናት የልጆቿን ብዛት ስትጠየቅ «ያሉት አሉ» ብላ እንደምታልፍ ጠፍቶኝ አይደለም። እንግዶቹ ፊት ስላፈርኩ ነው። እልከኛ ናት አልኩ። በጠጠሩ ላይ አንበረከክኋት። አዴ ጫልቱ ከማዶ «ተክሌ፣ ተው» አሉ፤ አልሰማሁም። ዘሀራ ብዙ ቆይታ፣ እንባዋ አገጯ ላይ ሲንጠባጠብ፣ ጣቷን እያጠፈች ቆጠረች።

«አራት» አለች። እኔም «ጎበዝ» ብዬ አስቀመጥኋት። ጎበዝ ማለቴ ከማንበርከኬ ይልቅ ያሳፍረኛል።

በሦስተኛው ቀን የዘሀራ ታናሽ ወንድም፣ ገና ጡት ያልጣለው፣ ወባ ያዘው። በማግስቱ ዘሀራ አልመጣችም። በሳምንቱ የወሎዎቹ ልጆች ሁሉ ቀሩ፣ ከዚያ የአርሲዎቹ፣ ከዚያ የእኛ የክርስቲያኖቹ። ሰሌኑ ላይ ሙሉና ሁለት የሠራተኛ ልጆች ብቻ ቀሩ። ሌሎቹ ሐዲድ ላይ ናቸው። ሙሴ ኒኮላ መጣ።

«አንቺ ተክሌ፣ ወሩ እስኪያልቅ ልጆቹ ካልተመለሱ ትምህርት የለም። ወደ ጆንያ ትመለሻለሽ።»

እኔም ጥፋቱን በሰው ላይ አድርጌ እቴ ከድጃ ቤት ሄድኩ። ከደጃፉ ቆሜ፣ ወባ ከረግረግ እንጂ ከቁጥር እንደማይመጣ አስረዳሁ። እቴ ከድጃ ልጁን ደረቷ ላይ እንደያዘች እስክጨርስ ጠበቀችኝ።

«የኔታ፣ እኔ ቁጥር አሳመመው አላልኩም። ወባን አውቀዋለሁ፤ ሁለት ልጅ ወስዶብኛል» አለች። «ዘሀራ ግን ወንድሜን ያሳመምኩት እኔ ነኝ ብላ እህል አልቀምስም አለች። ለእኔ የነገሩኝን ለእሷ ይንገሯት። ወላሂ፣ ካመነችዎ ነገውኑ እልካታለሁ።»

ዘሀራ ከመጋረጃው ኋላ ነበረች፤ እግሯ ይታየኛል። ልጠራት አልደፈርኩም። ተመልሼ ሄድኩ።

ቤት ስገባ አስካለ ምስር ትለቅማለች፤ ሙሉ አጠገቧ ናት። ሙሉ ቀና ብላ አየችኝ።

«አባባ፣ እኛስ ስንት ነን?»

ቀላል ጥያቄ ነው። ሙሉ አለች፣ ታናሿ ታደሰ አለ። በመካከላቸው የተወለደው ልጃችን ደግሞ ሞጆ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ነው። አስካለ እጇ ምስሩ ላይ ቆመ፤ ምን እንደምል ልትሰማ ጠበቀች። ሁለት ብል አንዱን ሁለተኛ ልቀብረው ነው። ሦስት ብል ደግሞ ሙሉ ሦስተኛው የት አለ ትለኛለች።

«ያለነው አለን» አልኩ።

«ዘሀራ እንዲህ ብትል ኖሮ ትተዋት ነበር?» አለች ሙሉ። አስካለ «ሙሉ፣ ዝም» አለቻት፤ እኔን ግን አላየችኝም። ያን ማታ ሁሉ አላየችኝም።

በማግስቱ አዴ ጫልቱ ዘንድ ሄጄ ተቀመጥኩ። ስፌታቸውን ሳያቆሙ ጠየቁኝ።

«ያ ተክሌ፣ የከብት ጌታ ማታ ላሞቹ ሲገቡ ይቆጥራል?»

«አይቆጥርም፣ አዴ። ነውር ነው።»

«አንዲት ብትጎድል ግን ያውቃል አያውቅም?»

«ያውቃል።»

«በምን?»

«ያያል።»

«ታዲያ ነጠላውን ከየት ያመጣሁት መሰለህ? ሰውና ከብት ስለማንቆጥር እኮ ነው ማየት የለመድነው። እኔ ላለመቁጠር ያስተማርኩህን አንተ ልጅቷን ለማስቆጠር አዋልከው።» ወስፌውን ጠጉራቸው ውስጥ ሰኩ። «ተነስ፤ ፍሬ ያዝ። ሚስትህንም ጥራት። ብቻህን ስትሄድ ትሰብካለህ።»

ሦስታችን ሄድን። ትንሹ ልጅ ትኩሳቱ ለቆት፣ ከስቶ ግን ቁጭ ብሎ ነበር። አዴ ጫልቱ ገና ከበሩ «ይኸው፣ ወፍ መስሏል» ብለው እቴ ከድጃን አሳቋት። እኔ ግን ዘሀራን አስጠራሁ። ያለ ልምጭ ልጅ ፊት ቆሜ አላውቅም ነበርና እጄን የት እንደማደርግ ጠፋኝ።

«ዘሀራ፣ የኔታ አጥፍቷል። ወንድምሽን ያሳመመው ወባ ነው፣ አንቺ አይደለሽም። አልናገርም ያልሽው ልክ ነበር። አፉ በይኝ።»

እሷም አሰበችበት። ልጅ በእውነት ሲያስብ ፊቱ እንደ ዳኛ ነው።

«ይንበረከካሉ?» አለችኝ።

እቴ ከድጃ ደንግጣ «ኧረ ልጅቷ» አለች። አዴ ጫልቱ «ተዪያት፣ ዳኝነቱ የእሷ ነው» አሉ። ግቢው ጠጠር ነበር። ተንበረከክኩ። የጎረቤት ልጆች በአጥሩ ቀዳዳ አዩኝና እየተጠራሩ መጡ፤ ትምህርት ቤቴ ሁሉ እዚያ አጥር ላይ ተሰበሰበ።

«እስከ መቼ ነው?» አልኩ ጉልበቴ ሲለበልበኝ።

አዴ ጫልቱ «እስክንጠግብ» አሉና ሳቁ። አስካለም ሳቀች፤ ዘሀራ ከቀረች ወዲህ የመጀመሪያ ሳቋ ነው።

ዘሀራ የቤቱ ጥላ ከግቢው የውሃ ጉድጓድ አፍ እስኪደርስ አቆይታኝ «ይበቃል» አለች። ከዚያ አዴ ጫልቱ ይዘውት የመጡትን ሰፌድ አቀረብኩላትና ፍሬውን ሰጠኋት። «ቤታችሁን ሥሪልኝ። ቁጥር አልጠይቅም» አልኳት። ሁለት ትላልቅ ፍሬ መርጣ መሐል አኖረች። ትንንሾቹን በዙሪያቸው አዞረች። በመጨረሻ ሁለት ፍሬ ወስዳ ከክቡ ውጭ፣ ከሰፌዱ ጠርዝ ላይ ጎን ለጎን አስቀመጠች። እቴ ከድጃ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ዘሀራ የእናቷን ነጠላ ወስዳ ሸፈነችው።

«የኔታ፣ ምን አዩ?»

«የጎደለ አላየሁም» አልኳት።

እንደዚያ ፈገግ ያለ ልጅ በሥራ ዘመኔ ሁሉ ሌላ አላየሁም።

ልጆቹ በሚቀጥለው ሰኞ ተመለሱ፤ የኔታ ሲንበረከክ ያየ ልጅ ከትምህርት ቤት አይቀርም። እኔም ሥርዓት አወጣሁ፦ ፍሬ፣ ፉርጎና ስፌት ይቆጠራል፤ ሰውና ከብት አይቆጠርም። ማን እንደቀረ የማውቀው ከሰሌኑ ነበር። ልጆቹን እንደ ጆንያው፣ ሦስት ወዲህ ሁለት ወዲያ አድርጌ አስቀምጥና ረድፉን አያለሁ፤ ክፍተቱ ራሱ ይናገራል። በኋላ ወለንጪቲ፣ ከዚያም አቦምሳ ሄጄ ሳስተምር ይህንኑ ሥርዓት ይዤ ነው የሄድኩት። ልምጯን ያን ሰኞ ለአስካለ ሰጠኋት፤ እሳት አነደደችባት።

አንድ ነገር ግን አልተመለሰም። ዘሀራ ፍሬ ስትቆጥር «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» ትልና አራተኛውን በጣቷ ነክታ አፏን ትዘጋለች፤ ከዚያ «አምስት» ብላ ትቀጥላለች። ድምሩን አትስትም። ቃሉን ብቻ አትለውም። አንድ ስህተት ሳላርም አድሬ የማላውቅ ሰው፣ ይህን አላረምኩም። ሙሉ አይታት እሷም እንዲያው ማድረግ ጀመረች፤ ቀጥሎ በአጠገቧ ያለው፣ ቀጥሎ ረድፉ ሁሉ። ማንም አላዘዛቸውም። ክረምቱ ሲገባ ሰሌኑ ሞልቶ አንድ ላይ ሲቆጥር ከሦስት በኋላ ጸጥ ይላል፣ ጣቶቹ ብቻ ይነካሉ። ሙሴ ኒኮላ አንድ ቀን ቆሞ ሰማ።

«አንቺ ተክሌ፣ አራት የት ሄደች?»

ሙሉ ቀድማኝ መለሰች፦ «አለች፣ ሙሴ። ዝም ብላ ነው።»

እንግዲህ ያ ጥያቄዬ ያስወጣንን ልደምር። እቴ ከድጃን የዐሥር ቀን እንቅልፍ አስወጣት። ሰኢድን፣ ዘሀራ እህል እምቢ አለች ሲባል፣ ከሻሸመኔ መንገድ አስመልሶ አንድ የጨው ጉዞ አሳጣው። አዴ ጫልቱን ዘሀራ ጋ ትተውት የመጡትን ሰፌድ። ልጆቹን የሁለት ሳምንት ትምህርት። እኔን የጉልበቴን ቆዳ። ሁላችንን በአንድነት ያስወጣን ደግሞ አንድ ቁጥር ነው፤ በአዳማ ጣቢያ ግራር ሥር፣ እኔ እስክለቅ ድረስ፣ ከሦስት ቀጥሎ ዝም ይባል ነበር።